ሩት ነጋና የአባቷ ስም

በትምህርት ቤታችን ጧት ጧት ስም ሲጠራ መምህሩ የእያንዳንዳችንን ስም ከአባታችን ስም ጋር አያይዘው ይጠራሉ፤ እኛም «አቤት» እንላለን። ይህ ነገር በየቀኑ የሚደረግ ስለ ሆነ ማንም ልብ ብሎ አያስበውም። እኛ ግን በዚህ ዓመት በአንድ ምክንያት ልናስበው ግድ ሆነብን። ምክንያቱንም ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አንባቢዎች፣ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች በትሕትና ልንገልጽ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን በለንደን ቴአትርና በሲኒማ ስሙ ስለ ታወቀ ስለ አንድ ተዋናይ፣ የልጅነቱን ታሪክና የሥራውን ዘመን ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። ከጓደኞቻችን የሚበዙት በጄምስ ቦንድ ፊልም የሚጫወቱትን ሰዎች መረጡ። እኛ ግን በ2010 በለንደን ብሔራዊ ቴአትር የሼክስፒርን «ሐምሌት» የተጫወቱትን ሰዎች ስም ስንመለከት፣ በእንግሊዞቹ ስሞች መካከል አንድ ስም አግኝተን ተደነቅን። ስሙም «ነጋ» ይላል። በጨለለቅቱ ገበያ መካከል ቆሞ «ነጋ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ቢኖር ዘወር የሚሉለት ብዙዎች ናቸው። ይህ ስም በለንደን ቴአትር ምን ያደርጋል? ብለን ጠየቅን፤ ይህ ጽሑፍም ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ሩት ነጋ በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከተማ ተወለደች። ያ ዘመን በአገራችን የደርግ መንግሥት የሚገዛበት ዘመን ነበር። አባቷ ዶክተር ነጋ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷም የአየርላንድ ተወላጅ የሆኑ ነርስ ነበሩ። አራት ዓመት እስኪሆናት ድረስ በአዲስ አበባ አደገች። ከዚያ በኋላ ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄዳ በሻነን ወንዝ ዳር በምትገኘው በሊመሪክ ከተማ መኖር ጀመረች። ሰባት ዓመት ሲሆናትም አባቷ ዶክተር ነጋ በመኪና አደጋ ሞቱ።

ይህን ባነበብን ጊዜ ጽሑፋችንን ለጥቂት ጊዜ አቁመን ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ አባቷን እንደ ምን አድርጋ ታስታውሳለች? ከአራት ዓመት ዕድሜ በፊት የታየ ነገር እንደ ሕልም ነው፤ አንዱ ይያዛል፣ አንዱ ይጠፋል። የማይጠፋ ሆኖ የቀረላት ግን አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ስማቸው ነው።

እዚህ ላይ በእኛና በአውሮፓ ሰዎች ልማድ መካከል ያለውን ልዩነት መግለጽ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አገር የቤተ ሰብ ስም የሚባል አለ፤ ይህም ስም ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ለአንድ ሰው የተሰጠ ስም ዛሬ ላለው የልጅ ልጅ ስም ይሆናል፤ ማን እንደ ነበረ ግን የሚያውቀው የለም። በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም። ከስማችን ቀጥሎ የሚጠራው የአባታችን የተጸውዖ ስም ነው፤ እናቱ ያወጡለት፣ ጎረቤት የሚጠራው፣ በልጅነቱ ሲያጠፋ የተቈጡበት ስም ነው። ስለዚህ ፈረንጆች «ሚስ ነጋ» ብለው ሲጠሯት የአንድ ጎሣ ስም የጠሩ ይመስላቸዋል። እንደ እውነቱ ግን ሳያውቁት የጠሩት የሞቱትን ሐኪም ነው። «ነጋ» ማለትም ሌሊቱ አለፈ፣ ጎሕ ቀደደ ማለት መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የራሷም ስም ቢሆን ለታሪኳ የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች መጽሐፈ ሩትን በሚገባ እናውቀዋለን። ሩት የተባለችው ሞዓባዊት ባሏ ከሞተ በኋላ አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ ወደማታውቀው አገር ሄደች፤ በቦዔዝም እርሻ ቃርሚያ ስትቃርም ከቈየች በኋላ በባዕድ አገር ቤትና ዘር አገኘች። የኛይቱም ሩት በባዕድ እርሻ ቃርማ ያደገች ናት።

ሩት ነጋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በለንደን ተማረች። ከዚያም ወደ አየርላንድ ተመልሳ በደብሊን ከተማ በሚገኘው በትሪኒቲ ኮሌጅ ገባች። ይህ ኮሌጅ በ1592 የተመሠረተ ጥንታዊ ትምህርት ቤት ነው። እርሷም በደራሲው በሳሙኤል ቤኬት ስም በተሰየመው የቴአትር ማእከል የተዋናይነትን ትምህርት አጠናቀቀች። በአገራችን ብዙ ሰዎች ተዋናይነት ተሰጥዎ ብቻ የሚፈልግ ሥራ ይመስላቸዋል። ነገር ግን እንደ ሕክምናና እንደ ምሕንድስና ሁሉ ይህም ትምህርት ነው፤ አተነፋፈስን፣ የድምፅን አወጣጥ፣ የሰውነትን አቋቋም፣ የጽሑፍንም ምሥጢር ለብዙ ጊዜ መማር ይጠይቃል። የአባቷ ሙያ የታመመውን ሰው አካል መመርመር ነበር፤ ልጅቱ ደግሞ የሰውን ጠባይ መመርመር ተማረች ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በ2004 በተሠራው «ካፒታል ሌተርስ» በተባለው የአየርላንድ ፊልም ወደ ደብሊን የመጣች አንዲት ወጣት አፍሪካዊት ሆና ታየች። በሚከተለው ዓመት፣ በ2005፣ የታወቀው የአየርላንድ የፊልም አዘጋጅ ኒል ጆርዳን «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» በሚለው ፊልም አሠራት። ለዚህ ክፍል የተጻፈችው ሴት እርሷን የመሰለች አልነበረችም፤ አዘጋጁ ግን ችሎታዋን ስለ ወደደ ለእርሷ እንዲስማማ ጽሑፉን እስከ መለወጥ ደረሰ። በ2006 በበርሊን የፊልም በዓል ላይ ከየአገሩ ከሚመረጡት ተስፋ ከሚጣልባቸው ወጣት ተዋንያን መካከል የአየርላንድ ተወካይ ሆና ቀረበች።

ከዚህ በኋላ ዋና የሥራዋ ቦታ ለንደን ሆነ። በ2010 ከላይ እንደ ጠቀስነው በብሔራዊው ቴአትር የኦፊልያን ክፍል ተጫወተች። በ2011 ደግሞ የእንግሊዝ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለት ቢቢሲ፣ ስለ ዘፋኟ ስለ ሸርሊ ባሲ ባዘጋጀው «ሸርሊ» በተባለው የቴሌቪዥን ፊልም ዋናይቱ ተዋናይት ሆነች። ሸርሊ ባሲ በዌልስ አገር በካርዲፍ ወደብ ከናይጄሪያዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወልዳ፣ አባቷ ሳይኖር በድህነት ያደገች ሴት ናት። ሩት በዚህ ሥራ የአየርላንድን የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ተቀበለች።

ነገር ግን መንገዱ ሁሉ የተደላደለ እንዳይመስለን። በ2013 በወጣው፣ ስለ ባሪያ ንግድ በሚናገረው «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» በተባለው ታላቅ ፊልም ውስጥ ሠርታ ነበር፤ ነገር ግን ፊልሙ ሲቀነባበር የእርሷ ክፍል ተቈርጦ ቀረ። ፊልሙ በዓለም ሁሉ ተመሰገነ፤ እርሷ የሠራችበትን ክፍል ግን ተመልካች አላየውም። ለአንድ ፈተና ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶ ከዚያ ከተጠናው አንድም ጥያቄ ያልመጣለት ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። እርሷ ግን ሥራዋን አላቋረጠችም።

ትልቁ ዕድል የመጣው በ2016 ነው። አሜሪካዊው ጄፍ ኒኮልስ «ላቪንግ» የተባለውን ፊልም አዘጋጀ። ይህ ታሪክ በእውነት የተደረገ ስለ ሆነ በዝርዝር ልንጽፈው ይገባል። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍለ አገር ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክል ሕግ ነበር፤ በተለይም በ1924 የወጣው የዘር ንጽሕና ሕግ የሚባለው በጣም የጠበቀ ነበር። ሪቻርድ ላቪንግ የተባለ ግንበኛ ነጭ ነው፤ ሚልድረድ የተባለችው እጮኛው ደግሞ ከጥቁሮችና ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የምትወለድ ናት። በሰኔ ወር 1958 ወደ ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡና ወደ መንደራቸው ተመለሱ። በሐምሌ ወር ፖሊሶች በሌሊት መኝታ ቤታቸው ድረስ ገብተው ያዟቸው። በ1959 ፍርድ ቤቱ የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸውና፣ ለ25 ዓመት ያህል ሁለቱ አብረው ወደ ቨርጂኒያ እንዳይመለሱ በማስገደድ እስራቱን አነሣላቸው። ባልና ሚስት ከአገራቸው ተሰደዱ ማለት ነው።

በ1963 ሚልድረድ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ከዚያ ደብዳቤ የተነሣ ሁለት ወጣት ጠበቆች ጉዳዩን ያዙ። ሰኔ 12 ቀን 1967 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች ሁሉ በአንድ ድምፅ ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብለው ሻሩት። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ የነበራቸው 16 ክፍላተ አገር ነበሩ። ሪቻርድ ላቪንግ በ1975 በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሚልድረድም እስከ 2008 ድረስ ኖረች። «ላቪንግ» ማለት በእንግሊዝኛ «አፍቃሪ» ማለት ነው። የባልየው የቤተ ሰብ ስም የክሱ ስም ሆኖ፣ ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ተማሪ ሁሉ ያጠናዋል።

ሩት ነጋ የተጫወተችው ይህችን ሚልድረድን ነው። ኤሌክትሪክ ባለበት ቀን መምህራችን ፊልሙን በኮምፒዩተራቸው አሳይተውን ነበር። ብዙዎቻችን ጩኸትና ልቅሶ ጠብቀን ነበር፤ ነገር ግን ይህች ሴት በፊልሙ ውስጥ ንግግሯ ጥቂት ነው። ፍርዱ እንደ ተፈረደላቸው በስልክ በሰማች ጊዜ እንኳ አልጮኸችም። ደስታዋ በዓይኗ ሲመጣ ብቻ ይታያል። የእኛ እናቶች ትልቅ ነገር ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ዝም እንደሚሉት ያለ ዝምታ ነው። ስለዚህ ሥራዋ በ2017 ለአካዳሚ ሽልማት፣ ማለት ለኦስካር፣ በዋና ተዋናይትነት ከታጩት አምስት ሴቶች አንዷ ሆነች። ሽልማቱን ኤማ ስቶን የተባለችው አሜሪካዊት ወሰደችው፤ ነገር ግን የዕጩዎቹ ስም ሲነበብ «ሩት ነጋ» የሚለው ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። ዶክተር ነጋ ከሞቱ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ስማቸው ግን በዚያች ሌሊት በሎስ አንጀለስ አዳራሽ ተጠራ።

አሁን ወደ ሐምሌት እንመለስ። የአማርኛ አንባቢ ይህን ድራማ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ከተረጐሙት ጀምሮ ያውቀዋል። አባቱ የሞተበት የዴንማርክ ልዑል የአባቱን መንፈስ በሌሊት ያያል፤ መንፈሱም የተገደለ መሆኑን ነግሮት ደሙን እንዲመልስ ያዝዘዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ቢኖር የልጁና የአባቱ ስም አንድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ሐምሌት ይባላሉ። ስለዚህ ልጁ በተጠራ ቍጥር አባቱም ይጠራል። ሩት ነጋ በ2010 ኦፊልያን በተጫወተች በስምንተኛው ዓመት፣ በ2018፣ በደብሊን ጌት ቴአትር በደቡብ አፍሪካዊቱ አዘጋጅ በያኤል ፋርበር መሪነት ራሱን ሐምሌትን ሆና ተጫወተች። በ2020ም ይኸንኑ በኒው ዮርክ ከተማ አሳየች። ሴት የወንድ ክፍል መጫወቷ ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ቴአትር ሲጀመር ግን ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው የሴቶችን ክፍል ይጫወቱ እንደ ነበር ብናስታውስ አንገረምም። እኛን የነካን ሌላ ነገር ነው፤ በሰባት ዓመቷ አባቷን ያጣች ልጅ ካደገች በኋላ በሕዝብ ፊት ቆማ የሞተ አባቱን የሚጠራውን ልጅ ሆነች።

በ2021 ሬቤካ ሆል ባዘጋጀችው «ፓሲንግ» በተባለው በጥቁርና በነጭ በተነሣው ፊልም የተጫወተችው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ታሪኩ ኔላ ላርሰን የተባለችው ደራሲ በ1929 ካሳተመችው ልብ ወለድ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ክሌር የተባለች መልኳ የቀላ ጥቁር ሴት ነጭ ነኝ ብላ፣ ዘሯን ከባሏ ደብቃ ትኖራለች። በመጨረሻም የካደችው ነገር ናፍቆት ሆኖ ይመልሳታል፤ ያም ናፍቆት ለሞት ያደርሳታል። ሩት በዚህ ሥራ የእንግሊዝ ፊልም አካዳሚ ዕጩ ሆናለች። በ2022ም በኒው ዮርክ በብሮድዌይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር ሌዲ ማክቤዝን ተጫውታ ለቶኒ ሽልማት ታጨች። ጓደኞቻችን የመረጡት የጄምስ ቦንዱ ተዋናይ ከእኛይቱ ሩት ጋር በአንድ መድረክ መቆሙን በክፍል ስንናገር ብዙ ሣቅ ሆነ።

ይህን ሁሉ ጽፈን በክፍል ባነበብን ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፣ «ይህች ሴት የእኛ አይደለችም። በአራት ዓመቷ ሄደች፤ ያሳደጓት እናቷ፣ ያስተማሯት አየርላንዶች ናቸው። እኛ ምን አድርገንላት ነው የእኛ የምንላት?» አለ። እውነቱን ለመናገር ይህ ክርክር ከባድ ነው። ሰው በደከመበት ሌላው ሊመካ አይገባውም። ሌላው ደግሞ፣ «ከኮቸሬ የሚለቀመው ቡና በውጭ አገር ገበያ ይርጋ ጨፌ እየተባለ ይሸጣል። ቈይቶ የሚጠጣው ፈረንጅ አገሩን አያውቅም፤ ስሙ ግን አብሮ ይሄዳል። ስም እስካለ ድረስ መነሻው አይጠፋም» ብሎ መለሰለት።

በዚያን ጊዜ ከሁላችን ይልቅ ዝምተኛ የሆነ አንድ ጓደኛችን ተነሣ። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። እንዲህም አለ፤ «እኔ አባቴን አላውቀውም፤ እኔ ሳልናገር ነው የሞተ። ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ነው። ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ሲወስደኝ በራሱ ስም ሊያስመዘግበኝ ፈለገ፤ በክፋት አይደለም፣ ስለሚወደኝ ነው። እናቴ ግን ‹ወንድም ዓለም፣ ልጁን አሳድገህልኛል፤ እግዜር ይስጥህ። የሞተውን ሰው ግን ሁለተኛ አትግደልብኝ› ብላ ለመነችው። አጎቴም አለቀሰና በአባቴ ስም አስመዘገበኝ። እኔ ‹አቤት› ባልኩ ቍጥር አባቴ የሚጠራ እየመሰለኝ ነው አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩት።»

ከዚህ በኋላ የተናገረ አልነበረም። መምህራችንም ክርክሩን በዚህ ዘጉት።

እኛም ስለ ሩት ነጋ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው። ዝናዋ የእኛ ድካም ፍሬ አይደለም፤ ምስጋናው ለእናቷ፣ ለመምህሮቿና ለራሷ ትጋት ይገባል። አየርላንድም ልጄ ብትላት መብቷ ነው። ነገር ግን ለፈረንጅ አፍ የሚቀልል ሌላ ስም መያዝ ስትችል የአባቷን ስም ይዛ ወጣች። በሊመሪክ ጎዳና፣ በለንደን መድረክ፣ በአሜሪካ ሲኒማ ይዛው ዞረች። በእኛ ልማድ ልጅ ለአባቱ ከሚከፍለው ዕዳ ዋናው ስሙን ማስጠራት ነው። እርሷም ይህን ዕዳ ከማንም ከእኛ በተሻለ ከፍላለች።

እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት እንለያያለን። ከመካከላችን ወደ ዲላ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አለ፤ ከአገር የሚወጣም አይጠፋም። አባቶቻችን ከቡናና ከእንሰት መካከል ሆነው ያስተማሩን፣ ያረፉትም ቢሆኑ፣ በስማችን ውስጥ አብረውን ይሄዳሉ። በምረቃችን ቀን ስማችን ሲነበብ «አቤት» ስንል ስለ እነርሱም ጭምር መመለሳችን መሆኑን እንድናስብ ጓደኞቻችንን እናሳስባለን። በጽሑፋችን ስሕተት ቢገኝ አንባቢያን በይቅርታ እንዲያልፉልን እየለመንን፣ ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዘመን እንመኛለን።